የመታጠቢያ ቤቶቻችን እድሳት፦ ለእሑዱ ስብሰባ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ (ልደታ ኮንዶሚኒየም)

ከ2ኛ ፎቅ፦
ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ። አምና ሴራሚኬን ቀየርኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ጣሪያው ላይ፣ መብራቱ ዙሪያ ቢጫ ክብ ወጣ። ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው፤ የእኔም ወደ ታች ይወርዳል። ለየብቻ ማደስ ገንዘብ መጨረስ ነው። አምስታችንም አንድ ላይ እንሥራ። ብሩንም መጀመሪያ ለማይታየው እንመድብ፤ ለቱቦው፣ ለዋተር ፕሩፉ (ውሃ ለማያሳልፈው ቅብ)፣ ለወለሉ ተዳፋት።

ከ4ኛ ፎቅ፦
ከእኔ ይጀመር። ግን እናቴ ደረጃ መውረድ ያቅታታል። ወለሉ ተፈንቅሎ ስንት ቀን ሊቆይ ነው?

ከ2ኛ ፎቅ፦
ልክ ነዎት ጋሼ፣ ይሄ መታሰብ አለበት። ዋተር ፕሩፉ ተቀብቶ መድረቅ አለበት። ቅቡ ግድግዳው ላይም ቢያንስ 15 ሳንቲ ይውጣ። ከዚያ ሴራሚክ ሳይነጠፍ ማፍሰሻው ይደፈንና ወለሉ ላይ ውሃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆይ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜሉ ከዋዜማው ይሞላ። የታችኛው ጎረቤት ጣሪያውን በእጁ ዳብሶ «ደረቅ ነው» ሳይል ለሠራተኛው ቀሪ ክፍያ አይሰጥ።

ከ1ኛ ፎቅ፦
የእኔን ለካሁት፤ 1.5 በ2 ሜትር ነው። ወለሉ 3 ካሬ። ግድግዳው እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ 70 ሳንቲው በር ሲቀነስ፣ 12.6 ካሬ። ለስብርባሪ 10 በመቶ ሲጨመር 17 ካሬ አለፍ ይላል። አምስታችን አብረን ብንገዛ 86 ካሬ ገደማ ነው፤ መርካቶ ለመደራደር ጥሩ ነው። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ እናምጣ፤ 15 በመቶ ቫቱ መካተቱን እንይ። የእጅ ዋጋ ለብቻው ይጻፍ።

ከግራውንድ፦
ልጆቼ፣ እኔ በጡረታ ነው የምኖረው። በአንዴ ክፈዪ ብትሉኝ አልችልም። ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ግን የሁላችን ነው።

ከሰብሳቢዋ፦
እማማ፣ ሥራው ከላይ ስለሚጀመር የእርስዎ ተራ የመጨረሻው ነው። እስከዚያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጡ። ሐሳቡን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ ዋናው ቱቦ ከማኅበሩ ካዝና፣ ዋተር ፕሩፉ ከአምስቱ ቤት እኩል፣ ሴራሚኩና ሲንኩ ከየራሳችን። ለድንገተኛ ወጪ 15 በመቶ ይያዝ፤ አሮጌ ወለል ሲፈነቀል ከሥሩ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም።

ከ4ኛ ፎቅ፣ የፊት ለፊት በር፦
እድሳቱ እኔን አይመለከተኝም። ግን ጋሼ፣ እናትዎ እኔ ጋ ይምጡ፤ ደረጃ የለውም። ቁልፉን ቅዳሜ አመጣልዎታለሁ።