ባለቤቴ ኪንሻሳ ነው፤ ለካናዳ ስፖንሰርሺፕ የኮንጎ ወረቀቶችን እንዴት እናሟላ?

ጠያቂ (ኤድመንተን)

ሰላም ወገኖች። እኔ የካናዳ ዜጋ ነኝ፣ ባለቤቴ ኮንጎዋዊ ነው። ትውልዱ ቡካቩ ሲሆን አሁን ያለው ኪንሻሳ ነው። አምና እዚያው ሄጄ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እነሱ «ዶት» የሚሉት ጥሎሽ ተሰጥቶ ተጋብተናል። ኮሚዩን (የአካባቢው መስተዳድር ቢሮ) ሄደን ግን አልፈረምንም። የልደት ወረቀት ጨርሶ የለውም። ከቀድሞ ጓደኛው የወለዳት የ9 ዓመት ልጅ ቡካቩ ከእናቷ ጋር አለች፤ «አታስገቧት፣ ፋይሉን ታጓትታለች፣ በኋላ ትመጣለች» የሚለን ሰው አለ። እኔም አዲስ አበባ ሳለሁ ነው የፈታሁት፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በአማርኛ ነው። ደግሞ ኮንጎ ታግዳለች የሚባለውስ? ወጪውንም ብትነግሩኝ።

ፋይል ከፋች

እህቴ፣ ከልጅቷ ልጀምር። ሌላው ቢሳሳት ይታረማል፣ ይሄኛው ግን ዋጋ ያስከፍላል። አብራው ባትመጣም አይኤምኤም 0008 (ዋናው የማመልከቻ ፎርም) ላይም አይኤምኤም 5406 (የቤተሰብ መረጃ ፎርም) ላይም ትጻፍ። የካናዳ ኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 117(9)(ዲ) አባትየው ቋሚ ነዋሪ ሲሆን ያልተገለጸና ያልተመረመረ ልጅ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰርሺፕ እንዳይመጣ ይከለክላል። «በኋላ ትመጣለች» ያላችሁ ሰው የሚያዘጋባችሁ ይህንኑ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ነገሩን የሚያለዝብ ጊዜያዊ ፖሊሲ ወጥቷል፣ ግን እሱን ተማምኖ ልጅ አይደበቅም።

የጤና ምርመራው የሚደረገው ካናዳ በመደበችው ሐኪም ብቻ ነው። ኤም23 የተባለው አማጺ ቡድን ቡካቩን በፌብሩዋሪ 2025 ከያዘ ወዲህ ከዚያ ወደ ኪንሻሳ መጓዝ ቀላል አይደለም። መድረስ ካልቻለች ምክንያቱን በደብዳቤ አስረድታችሁ ጊዜ ጠይቁ። ምርመራው ይቅር የሚለው የኢሚግሬሽን መኮንኑ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አብራው የምትመጣ ከሆነ እናቷ አይኤምኤም 5604ን (አብሮ የማይሄድ ወላጅ የፈቃድ ፎርም) ትፈርማለች፤ ፎቶና ፊርማዋ ያለበት መታወቂያ ኮፒም ይያያዛል። ዕድሜዋ የሚቆለፈው ማመልከቻው በገባበት ቀን ነው፣ ከ22 በታች ያላገባች ልጅ ትቆጠራለች። ለሱ የምትፈርሚው የኃላፊነት ግዴታ የ3 ዓመት ነው፤ ለሷ ግን 10 ዓመት ወይም 25 እስኪሞላት፣ ከሁለቱ የቀደመው።

የኪንሻሳ መንገድ

ጋብቻውን በሚመለከት፦ የኮንጎ የቤተሰብ ሕግ በባህል የተደረገ ጋብቻን ያውቃል፣ ግን በወረቀት የሚያሳየው የኮሚዩኑ የሲቪል መዝገብ ሹም ሲመዘግበው ነው። የምትፈልጉት ወረቀት «አክት ደ ማርያዥ» (የጋብቻ ሰነድ) ይባላል። የቤተክርስቲያን ሰርተፊኬት አይተካውም፣ የዶቱ ፎቶና የሽማግሌዎቹ ፊርማ ደግሞ ደጋፊ ማስረጃ ብቻ ነው። አንድ ወጥመድ አለ። ኮሚዩን «አንቺ ሳትመጪ በውክልና እናጋባችሁ» ቢላችሁ እንዳትቀበሉ። ካናዳ ከጁን 11 ቀን 2015 ወዲህ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመ ጋብቻን ለስፖንሰርሺፕ አትቀበልም። ዶቱ ላይ አንቺ ራስሽ ስለነበርሽ የፓስፖርትሽን የመግቢያና መውጫ ማህተም አያይዢ። ምዝገባው ከዶቱ ወራት ዘግይቶ ከሆነ አክቱ ላይ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል፤ ፎርሞቹ ሁሉ ላይ አንዱን ቀን ብቻ ተጠቀሙና ሌላውን በደብዳቤ አስረዱ።

ልደቱ በጊዜው ያልተመዘገበ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ «ጁጅማን ሱፕሌቲፍ» (ልደቱን የሚያረጋግጥ ፍርድ) ያወጣል። ከዚያ ይግባኝ አለመቅረቡን የሚያሳይ «ሰርቲፊካ ደ ኖን አፔል» ይቀበላል። በነዚህ ሁለቱ ኮሚዩኑ «አክት ደ ኔሳንስ» (የልደት ሰነድ) ይጽፍለታል። ሦስቱም አንድ ላይ ይላኩ። ብዙ ሰው በቶሎ የሚያገኘው «አተስታሲዮን ደ ኔሳንስ» ከመዝገብ የወጣ አክት አይደለምና እሱን ብቻ አትላኩ። ባለፈው ሳምንት የወጣ የልደት ፍርድ ብቻውን ሲቀርብ መኮንኑን ቢያጠራጥር አይገርምም። ስለዚህ አሮጌ ወረቀት ይደገፍበት፦ የጥምቀት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ «ዲፕሎም ዴታ» (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ዲፕሎማ)። የመራጭ ካርዱ ላይ ያለውን የልደት ዓመትም ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ያስተያይ። ኮንጎ ውስጥ አብዛኛው ሰው እንደ መታወቂያ የሚይዘው እሱን ስለሆነ ልዩነት ካለ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

የስሙም ነገር እንዳይረሳ። እነሱ ኖም (የቤተሰብ ስም)፣ ፖስትኖም (ከሱ ቀጥሎ የሚጻፍ ተጨማሪ ስም) እና ፕሬኖም (የግል ስም) አላቸው፤ የካናዳ ፎርም ደግሞ የቤተሰብ ስምና የግል ስም ብቻ ይጠይቃል። ፖስትኖሙ የት ይግባ? የፓስፖርቱን ፎቶ ገጽ ታችኛ ሁለት መስመር እዩ። ከላይኛው መስመር ላይ ሁለት ጊዜ << የሚል ምልክት አለ፦ ከሱ በፊት፣ ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የቤተሰብ ስም ነው፣ ከሱ በኋላ ያለው የግል ስም። ፖስትኖሙ ከየትኛው ወገን እንደታተመ እያዩ እንዳለ መገልበጥ ነው። እኛ የአባት ስማችንን «የቤተሰብ ስም» እያልን እንደምንቸገረው ነው።

ማህተም

ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙ፣ የኮንጎውንም የኢትዮጵያውንም፣ በየገጹ ማህተም ይኑረው።

ተርጓሚ ነኝ

ወንድሜ ማህተም፣ ከይቅርታ ጋር፣ ለካናዳ ይሄ ገንዘብ ማባከን ነው። ፈረንሳይኛ የካናዳ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ የኮንጎዎቹ አክቶች እንዳሉ ይገባሉ። የሚተረጎመው የእህታችን የፍቺ ውሳኔ ነው፤ ለትዳራችሁ ማስረጃ የምታያይዙት ቻት ውስጥ ስዋሂሊ ወይም ሊንጋላ ካለም እሱ። ካናዳ ውስጥ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ካገኘሽ ቃለ መሐላ አያስፈልግም፤ ፈቃድ የሌለው ከሆነ ትክክለኛነቱን በመሐላ ያረጋግጥ። ዘመድ፣ ጠበቃም ቢሆን፣ አይተረጉምልሽም።

የፍቺው ቀን ላይ ተጠንቀቂ። ለምሳሌ ውሳኔው «ሰኔ 12 ቀን 2015» ቢል ትክክለኛው ጁን 19 ቀን 2023 ነው። ሰነፍ ተርጓሚ 12/10/2015 ብሎ ይተወዋል፣ አንባቢው ደግሞ ኦክቶበር 2015 ብሎ ያነበዋል። በተቃራኒው ተሳስቶ ፍቺው ከዶቱ በኋላ ከመሰለ ሁለተኛው ጋብቻ ፈራሽ ይመስላል። ትርጉሙ ላይ ሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች ይጻፉ።

ጠያቂ (ኤድመንተን)

ተባረኩ። ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ሁለት ዓመት ኖሯል፣ ለዚያም የፖሊስ ወረቀት ይፈለጋል? ቻቱስ ስንት ገጽ ይበቃል?

ፋይል ከፋች

አዎ። 18 ከሞላው ወዲህ ባለፉት 10 ዓመታት 6 ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖረበት አገር ሁሉ ይፈለጋል። የኡጋንዳው ከፖሊሱ የኢንተርፖል ክፍል ይወጣል፤ አገሩን ለቆ ከወጣ በኋላ የተሰጠ መሆን አለበት። የኮንጎው የወንጀል መዝገብ ወረቀት፣ «ኤክስትሬ ደ ካዚዬ ጁዲሲዬር»፣ ደግሞ፣ አሁን የሚኖርበት አገር ስለሆነ፣ ማመልከቻው ሲገባ ከ6 ወር ያልበለጠው ይሁን። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አውጡት፣ የልደቱን ፍርድ ስትጠብቁ ጊዜው እንዳያልፍ። ከኮሚዩን የሚሰጠው የመልካም ጠባይ ወረቀት ሌላ ነው።

አይኤምኤም 5669 (የግል ታሪክ ፎርም) ላይ የ10 ዓመት ታሪኩ ወር በወር ይሞላ። ሥራ ያልነበረበትን ወርም «ሥራ አጥ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ክፍተት ያለው ፋይል ተመላሽ ይሆናል።

ቻት ከ10 ገጽ፣ ፎቶ ከ20 አይበልጥ። አሥሩን ገጽ ከአንድ ሳምንት ቻት አትሙሉት፣ ከየወሩ ጥቂት ውሰዱ። በኤምፔሳ ወይም በኤርቴል መኒ (በሞባይል ገንዘብ) የላክሽለት ገንዘብ ደረሰኝ ከ«ናፍቀሽኛል» ይበልጣል፣ የላኪው ስም ከመታወቂያሽ ጋር አንድ ከሆነ።

ሒሳብ ሠራተኛ

ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ በወጣው ታሪፍ በካናዳ ዶላር፦ ስፖንሰር 85፣ እሱ 545፣ የቋሚ ነዋሪነት መብት 575፤ ድምሩ 1,205 ነበር። ልጅቷ ከተጨመረች 175 ይደመር ነበር። ባዮሜትሪክ (የጣት አሻራና ፎቶ) ለአንድ ሰው 85 ነበር። በየሁለት ዓመቱ ስለሚስተካከል በምትከፍይበት ቀን እዪው። የቋሚ ነዋሪነት መብቱን ክፍያ አብረሽ ክፈይ፤ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ክፍያ እየጠበቀ አይቆምም፣ ካልተፈቀደ ደግሞ ይመለሳል። ለትዳር ጓደኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ገቢ አይጠየቅም፣ ከአካል ጉዳት ድጎማ ውጪ ማኅበራዊ እርዳታ እየተቀበልሽ ግን ስፖንሰር መሆን አይቻልም።

እገዳው የካናዳ አይደለም። በጁን 2025 አሜሪካ ሙሉ እገዳ የጣለችባት ጎረቤቷ ኮንጎ ብራዛቪል ናት፣ የባለቤትሽ አገር አይደለችም። ሁለቱ ኮንጎዎች ፎርሙ ዝርዝር ላይም ጎን ለጎን ናቸው፤ «ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ» የሚለውን ምረጡ። አሮጌ ወረቀቱ ላይ «ዛየር» ቢል አትደንግጡ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1997 ድረስ የአገሪቱ ስም ነበር።

የኪንሻሳ መንገድ

አንድ ነገር ልጨምር። ማመልከቻው የሚገባበትን የኢንተርኔት ፖርታል በደላላ ኢሜይል እንዳትከፍቱ። የባዮሜትሪክ ደብዳቤ ሲመጣ 30 ቀን ነው ያላችሁ፣ የጤና ምርመራውም እንዲሁ፤ ደብዳቤው ደላላው ኢሜይል ውስጥ ገብቶ «እስክትከፍለኝ» ሲል ቀኑ ያልፋል። በክፍያ መወከል የሚችለው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው፣ እሱም አይኤምኤም 5476 (የወኪል ፎርም) ላይ ስሙን ይጽፋል። ስሜ አይጻፍ የሚል ሰው ፓስፖርቱን እንዳይዝባችሁ።