ዲሲ አዲስ ለገባችሁ፦ ማዕዘኑ ላይ የምትሰሙት ከበሮ

ሰላም ወገኖች፣

ማክሰኞ ዕለት አንዲት እህታችን እዚህ ጥያቄ ጽፋ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። ሻው ሰፈር፣ ሰባተኛ መንገድና ፍሎሪዳ አቬኑ የሚገናኙበት አጠገብ ክፍል ተከራይታለች። «ማዕዘኑ ላይ ቀን ቀን ከበሮ ይጮሃል። እኔ የማታ ሺፍት ነኝ፣ የምተኛው ቀን ነው። ለማን ነው የሚከሰሰው?» ትላለች። ብዙዎቻችሁ የከተማው አስተዳደር አገልግሎት ስልክ ወደሆነው 311 ደውይ አላችኋት። እህቴ፣ ከመደወልሽ በፊት ግን ይሄን አንብቢልኝ። ትንሽ ይረዝማል።

የምትሰሚው ሙዚቃ ጎ-ጎ ይባላል። የተወለደው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። ያዋለደው ደግሞ ቻክ ብራውንና ሶል ሰርቸርስ የሚባል የፈንክና የሶል ባንድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

ቻክ ብራውን በ1936 ሰሜን ካሮላይና ተወለደ። ወደ ዋሽንግተን የመጣው በልጅነቱ ነው። ያኔ ብዙ ጥቁር ቤተሰብ ከደቡብ እየነቀለ ወደ ሰሜን ይፈልስ ነበር። እናቱ ሰው ቤት ትሠራለች፣ እሱ ሊስትሮ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ሰው ላይ ተኮሰና ሰውየው ሞተ። ራሴን ስከላከል ነው ቢልም ተፈረደበት። ስምንት ዓመት ሎርተን ወህኒ ቤት ታሰረ። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ በ95 ስትነዱ የምታልፉት ሎርተን ነው። ወህኒ ቤቱ በ2001 ተዘግቶ ዛሬ የግቢው አንድ ክፍል የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኗል።

ጊታር የያዘው እዚያ ነው። ሌላ እስረኛ የሠራትን ጊታር በሲጋራ ለውጦ ወሰዳት። ይሄን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ብዙ አሰብኩ። እስር ቤት ውስጥ ሲጋራ ገንዘብ ነው። ያለውን ገንዘብ አውጥቶ ጊታር ገዛ ማለት ነው።

ሲፈታ የጭነት መኪና ነዳ፣ ግንበኛ ሆነ፣ ቦክሰኞች የሚለማመዱበት ተጋጣሚም ሆኖ ሠራ። እየሠራ መጫወቱን አልተወም። በ1965 ሎስ ላቲኖስ የሚባል የላቲን ሙዚቃ ባንድ ውስጥ ገባ። የኮንጋው፣ ማለት በእጅ የሚመታው ረጅም ከበሮ፣ ጨዋታ ጆሮው ውስጥ የቀረው ከዚያ ነው። በዓመቱ የራሱን ባንድ አቋቋመ፣ ሶል ሰርቸርስ። ነፍሳቸውን የሚመረምሩ እንደማለት ነው፣ ሶል ደግሞ የሙዚቃውም ስም ነው። ጆን ቡካነን ትሮምቦንና ኪቦርድ፣ ዶናልድ ቲለሪ ትራምፔት፣ ሎይድ ፒንችባክ ሳክስፎንና ፍሉት ይጫወቱ ነበር።

በ1972 የመጀመሪያውን አልበም አወጡ፣ በ1974 ሁለተኛውን። ሁለተኛው ላይ «አሽሊስ ሮችክሊፕ» የሚባል የፒንችባክ ድርሰት አለ። ግጥም የለውም። ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ሁሉም ዝም ይልና ድራሙ ብቻውን ይቀራል። ጥቂት ሰከንድ ናት። ያቺን ምት በ1980ዎቹ መጨረሻ ራፐሮቹ ኤሪክ ቢና ራኪም ከሸክላው ቆርጠው ለራሳቸው ዘፈን ወሰዷት፣ የፖፕ ዘፋኞቹ ሚሊ ቫኒሊም ወሰዷት፣ ከዚያ በኋላ የወሰዳት ብዛቱ አይነገርም። እኛ አዲስ አበባ በካሴት ስንጨፍርባት ከዲሲ የመጣች መሆኗን ማን ያውቅ ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዲስኮ ገባ። የጭፈራ ቤት ባለቤት ለአንድ ሙሉ ባንድ ከሚከፍል ለአንድ ዲጄ ቢከፍል ይሻለዋል። ዲጄ ደግሞ ዘፈን ከዘፈን ያገናኛል፣ ሰው መድረኩን አይለቅም። ባንድ ግን አንድ ዘፈን ይጨርስና ጊታር ይቃኛል፣ ያወራል፣ ውኃ ይጠጣል። ሰው ይቀመጣል። ቻክ ይሄን ክፍተት ዘጋው። ዘፈኑ ሲያልቅ ድራሙና ኮንጋው እንዳይቆሙ አደረገ። ጊታሩና ትራምፔቱ ሲያርፉ እሱ በማይክ ከሰዉ ጋር ያወራል፣ ከዚያ ምቱ ሳይሰበር ቀጣዩ ዘፈን ይገባል። ምቱን ከሳክስፎን ተጫዋቹ ግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር «ሚስተር ማጂክ» አግኝቼዋለሁ ይል ነበር፣ በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን የሰማሁት ምት ነው ብሎም ይጨምራል። ጎ-ጎ የተባለውም ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አይቆምም ለማለት ነው።

እኛ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። የኛ ሰርግ ላይ ባንዱ ከጉራጊኛ ወደ ትግርኛ፣ ከትግርኛ ወደ ኦሮምኛ ሳያቋርጥ ሲሻገር ቁጭ የሚል አለ? የለም። አዝማሪ ቤትም አስቡት። አዝማሪው የገባውን ሰው ስም ጠይቆ ግጥም ያወጣለታል፣ «ተቀበል» ሲባል ቤቱ ይቀበላል። ጎ-ጎ ላይም መሪው የሰፈሩን ስም ይጠራል፣ የልደት ባለቤቱን ይጠራል፣ ሰዉ ይመልሳል። ቻክን «ዋይንድ ሚ አፕ፣ ቻክ» ይሉታል፣ አጡዘኝ እንደማለት። እሱ ሲጠራህ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ እንደነበርክ ተመሰከረልህ ማለት ነው።

በ1978 «በስቲን ሉስ» ወጣ። በ1979 መጀመሪያ በአሜሪካ የጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ ላይ አራት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ድራሙ ላይ የነበረው ሪኪ ዌልማን ነው። የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጨዋታውን ሰምቶ በ1987 የራሱ ባንድ ውስጥ አስገባው። የቤዝቦል ቡድናችን ናሽናልስ ሆም ረን ሲመታ ስታዲየም ውስጥ ይከፈት የነበረውም ይሄው ዘፈን ነው። ራፐሩ ኔሊ በ2002 ዓለምን ያስጨፈረበት ዘፈን ውስጥም ይሄው አለ።

ያም ሆኖ ጎ-ጎ እንደ ሂፕ ሆፕ ዓለምን አልዞረም። ትራብል ፈንክ፣ ሬር ኢሰንስና ኢ.ዩ. የሚባሉ ባንዶች ተከተሉ፣ ኢ.ዩ. በ1988 አንድ ትልቅ ዘፈን አገኘ፣ ከዚያ ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ፊታቸውን መለሱ። እኔ ምክንያቱ ይመስለኛል የምለው ይሄ ነው። ጎ-ጎ በአራት ደቂቃ ሸክላ ሲቆረጥ ይሞታል። የሚኖረው ቤቱ ውስጥ፣ ስሙ ከተጠራው ሰው ጋር ነው። ለዚህ ነው የከተማው ልጆች የየሌሊቱን ጨዋታ በካሴት እየቀዱ ሲለዋወጡት የኖሩት። ቻክም ከተማዋን አልለቀቀም። ከአርባ ዓመት በላይ ለዚያው ሰው፣ ለልጆቹም፣ ለልጅ ልጆቹም ተጫወተ።

(ሙዚቃ ለምትወዱ አንድ ነገር በመሃል፦ በ1992 ከዘፋኟ ኢቫ ካሲዲ ጋር የሠራውን አልበም ፈልጋችሁ ስሙ። ጎ-ጎ አይደለም፣ ጃዝና ብሉዝ ነው። የሱን ወፍራም ድምፅ ከሷ ቀጭን ድምፅ ጋር ስሙት።)

እኔ በ1994 ስመጣ ፓርኪንግ ነበር የጀመርኩት። አብሮኝ የሚሠራ፣ በዕድሜ የአባቴ እኩያ የሚሆን ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቀኑን ሙሉ ካሴት ይከፍታል። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ቀንሰው አልኩት፣ በደንብ አልነበረም ያልኩት። ቀነሰው። ምንም አላለም። ማታ ስንወጣ ግን «ይሄ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም። «እዚህ ከተማ ላይ ቤት ተከራይተሃል፣ ሥራ ይዘሃል፣ ይሄን ሰው አታውቅም?» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፣ አዝኖ ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ። ቻክ የሰፈሮቹን ስም ሲጠራ ያ ዝምተኛ ሰውዬ እጁን አንስቶ እንደ ልጅ ጮኸ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰፈሩን መጠየቅ የጀመርኩት። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ሁከቱ የተነሳው 14ኛና ዩ መንገድ ላይ ነው። ሱቆቹ ተቃጠሉ፣ ብዙዎቹ ለዓመታት ሳይጠገኑ ቀሩ። ቀጥሎ ሜትሮ ሲቆፈር መንገዱ ተዘጋ፣ የዩ ስትሪት ጣቢያ የተከፈተው በ1991 ነው። ወገኖቻችን አዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲወደድባቸው ወደ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛ መንገድ የወረዱት ቤት ርካሽ ስለነበር ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን ያ ነው። በ1970 ከከተማዋ ሕዝብ 71 በመቶው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፣ በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። ክትፎና ቡና የሸጥንበት ቤት ሁሉ ከኛ በፊት የሌላ ሰው ትዝታ ነበረበት።

ደግሞ ባዕዳን አልነበርንም። እዚሁ ሰፈር ያደገው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ኒሻን ተቀብሏል። የኛዎቹ ሙዚቀኞችም ሶልን ከአሥመራው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና ከሸክላ ሰምተው አድገዋል። አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ መጣ፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀሩ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ለብዙ ዓመታት ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም መድረክ ላይ መለሰው። ግንባታ ውሎ ማታ ጊታር የሚይዘውን ቻክንና ታክሲው ውስጥ ኪቦርድ የሚነካካውን ኃይሉን ሳስብ፣ በአንድ ከተማ የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ይመስሉኛል።

ቻክ በግንቦት 2012 አረፈ። አስከሬኑ ሃዋርድ ቲያትር ገብቶ ሕዝቡ ተሰልፎ ተሰናበተው። እህቴ፣ ቲያትሩ ካንቺ ቤት ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፦ ከቲ መንገድ እስከ ፍሎሪዳ አቬኑ ያለው ሰባተኛ መንገድ ከ2009 ጀምሮ ቻክ ብራውን ዌይ ይባላል። ታፔላውን ቀና ብለሽ እዪው።

ያ ማዕዘን ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እዚያ ያለ የስልክ መሸጫ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጎ-ጎ በድምፅ ማጉያ ይከፍታል። በ2019 አዲስ ፎቅ ውስጥ የገባ ነዋሪ አቤት አለና ሙዚቃው ተዘጋ። ከተማው ተነሳ። ከ80,000 በላይ ሰው ፈረመ፣ ባንዶች መንገድ ላይ ወጥተው ተጫወቱ፣ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ተከፈተ። በ2020 ጎ-ጎ በሕግ የዲሲ ሙዚቃ ተብሎ ጸደቀ። አሁን አንቺ 311 ደውለሽ እዚያው ክርክር ውስጥ ሳታውቂ እንዳትገቢ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት።

— — —

ከአሌክሳንድሪያ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ልጅቷ እንቅልፍ ነው ያጣችው። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ማታ ሠርቻለሁ፣ ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ታሪክ አይገባውም። እህቴ፣ ጥቁር መጋረጃ ግዢ፣ አልጋሽን ከመንገዱ በኩል አርቂ፣ የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ አለ። ማራገቢያ ክፈቺ፣ ድምፅ ይሸፍናል። ሊዝሽ ሲያልቅ ከጀርባ በኩል ያለ ክፍል ጠይቂ።

— — —

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ አማርኛዬን ይቅርታ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ጎ-ጎ ባንድ ነበር፣ እኔ ኮንጋ እመታ ነበር። ባንዱ ውስጥ ሀበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ መጀመሪያ አልወደደውም። አንድ ቀን ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ከዚያ መኪና ውስጥ መሪውን እየመታ «ይሄ እኮ ችክችካ ይመስላል» አለኝ። አይመስልም፣ ግን ደስ አለኝ።

— — —

ከመጀመሪያው ጸሐፊ፦

የአሌክሳንድሪያዋ እህቴ ልክ ነሽ፣ እንቅልፍ ቀልድ አይደለም። ሌሊት ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፣ እሱን ማንም አይከለክላትም። ለቀኑ ግን መጀመሪያ ወርዳ ሰላም ትበላቸው። እዚህ ነው የምኖረው፣ ማታ ነው የምሠራው ትበል። እኔ ያን ሽማግሌ መጀመሪያ በሰላምታ ብጀምረው ኖሮ ዓመት ቀድመን ጓደኛ እንሆን ነበር።

— — —

ከጠያቂዋ፦

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ አመሰግናለሁ። አልደወልኩም። መጋረጃውን ገዝቻለሁ፣ ማራገቢያው በጣም ረድቶኛል። ታፔላውንም አየሁት፣ በየቀኑ ከሥሩ እያለፍኩ አንብቤው አላውቅም ነበር።

ትናንት ያሉኝን የ1974ቱን ሙዚቃ ከፍቼ ከወንድሜ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። እሱ ቦሌ ነው ያለው። ድራሙ ብቻውን የቀረበት ጋ ሲደርስ ወሬውን አቋረጠና «ቆይ ቆይ፣ ይሄን አውቀዋለሁ፣ የት ነው የሰማሁት?» አለኝ። እኔም «እኔ ሰፈር ነው የተሠራው» አልኩት።