የተማሪ ማማከር ላይ የሠራችሁ፣ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ

ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። አንድ መምህር ጥቂት ልጆች ይዞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንዲያማክር ጀምረናል። 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ አለ፣ 12ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተናው አለ፣ እና ልጁን ከሥሩ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል። ያስቸገረን ሰዓቱ ነው። በሳምንት አንዴ ያለችን 40 ደቂቃ ወይ በማስታወቂያ ታልቃለች፣ ወይ የሒሳብ መምህሩ ለማካካሻ ይወስዳታል (አይፈረድበትም፣ ምዕራፍ አልጨረሰም)። ከትምህርት በኋላ ስናደርገው ከሰርቦ የሚመላለሱት ታክሲ ያመልጠናል ብለው ቀሩ። በቡና ለቀማ ሰሞንማ ማን መጥቶ! አሁን ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ 10 ደቂቃ ልስጣችሁ ይላል። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል ወይስ በሁለት ሳምንት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ?