ማታ የተዘጋ ዶሮ ቤት ጠዋት ዓይን ያቃጥላል፣ ምን ይሻላል?

እማ ጫጩት፦
ሰላም ናችሁ? ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። 200 ቦቫንስ የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች አሉኝ፣ ቀን ግቢ ውስጥ ተለቀው ይውላሉ፣ ማታ ይገባሉ። ቤቱ 5 በ8 ሜትር፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። የዚህን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ማታ መስኮቱን ሁሉ በሸራ ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ሽታው ያስለቅሳል፣ ከቆርቆሮው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ አንዳንዶቹም ማስነጠስ ጀምረዋል። ቬንትሌተር ልግዛ?

የደጋው፦
እህቴ ብርሽን አታባክኚ። ያ ውሃ የራሳቸው ትንፋሽ ነው፣ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ነክቶ ተመልሶ ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከረጠበው ኩስ ደግሞ አሞኒያ የሚባል ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በሁለቱም ረጅም ግድግዳ፣ ልክ ከጣራው ስር፣ ስንዝር የምታህል ክፍተት ተዪ። ሌሊትም አትዝጊያት። ከቆጡ በታች ያለው ግን ድፍን ይሁን። ሸራውንም የምትቸነክሪው ታችኛውን ጫፍ ነው፣ ከላይ ወደ ታች እንዲከፈት። ብዙ ሰው ገልብጦ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ ትንሽ ልክፈት ሲል ብርዱ ቀጥታ ዶሮዋ ላይ ያርፋል።

ቢሾፍቱ 07፦
እኛ ጋ ታች አጭር ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ሽቦ ብቻ ነው። ምን አስጨነቀሽ፣ ክፈቺው በቃ።

ዶክተሩ ነኝ፦
ኧረ ባክህ፣ ደብረ ብርሃንና ቢሾፍቱ አንድ ናቸው እንዴ? ወደ 900 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ እኮ። ላባዋ የሞላ ዶሮ ብርድ ትችላለች፣ የማትችለው እርጥበትና ሽው የሚል ንፋስ ነው። እማ፣ ቁጢጥ ብለሽ በዶሮዎቹ ቁመት አሽቺው፣ ቆመሽ የማይሸትሽ እዚያ ይሸታል። ጉዝጓዙን ጨብጪው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አውጥተሽ ደረቅ ሰጋቱራ ጨምሪ፣ በተለይ መጠጫው ዙሪያ። ማስነጠሱን ግን አየር ብቻ ነው ብለሽ አትተዪው፣ ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታም ሌላም ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይያቸው፣ ክትባታቸውንም አረጋግጪ።

እማ ጫጩት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፍተቱን ከተውኩ ግን ሸለምጥማጥ አይገባም?

የደጋው፦
ይገባል እንጂ! ጣት የማያሳልፍ ጠንካራ ሽቦ ወጥሪበት። የዶሮዎቹን መውጫ ቀዳዳም ማታ መዝጋት እንዳትረሺ፣ ሸለምጥማጡም የምድር ብርዱም የሚገቡት በዚያ ነው።