«ልብ ሰቃይ» ሲባል ልብ ይሰቀላል ወይስ ይሠቃያል?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ቃል ወዳዶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ማታ ማታ አንድ አዲስ ልቦለድ ይዤ ጋቢ ውስጥ እገባለሁ። ፍቅር አለው፣ ግድያም አለው። የጀርባ ሽፋኑ «ልብ ሰቃይ ታሪክ» ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ልብ የሚያሠቃይ» ማለት ይመስለኝ ነበር። ትናንት ታናሽ እህቴ «ሥቃይ ከሆነማ ምን ቆርጦሽ በገንዘብሽ ትገዢዋለሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህሩ፣ ከአንኮበር፦
እህትሽ ብልህ ናት። መልሱ እርባታው ላይ ነው። ገደለ ብለሽ ገዳይ ትያለሽ። ተከለ፣ ተካይ። ነቀለ፣ ነቃይ። መጨረሻ ላይ ያለው «ለ» ወደ «ይ» ይዞራል። ሰቀለም እንዲሁ ሰቃይ ይሆናል። ስለዚህ ልብ ሰቃይ ማለት ልብን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ የሚተው ማለት ነው። «ልብ አንጠልጣይ» የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ አንጠለጠለ፣ አንጠልጣይ። ስቅለት ከዚሁ ከሰቀለ ይወጣል። ሥቃይ ግን ግንዱ ሌላ ነው። ሥቃይን የሚያመጣ መጽሐፍ ቢሆንማ «ልብ አሠቃይ» ይባል ነበር። (እንዲህ የሚባሉም አንብቤያለሁ። ዋጋቸው ግን አንድ ነው።) በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ሥቃይን በንጉሡ ሠ፣ ሰቀለን በእሳቱ ሰ ይለያል። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ነገርኩ! በመጨረሻ ተውኩት።

ከሸዋ ሮቢት፦
እናንተ ጋቢ ደርቡ፣ እዚህ ሙቀቱ ራሱ ልብ አሠቃይ ነው። የእኔ ልብ የተሰቀለው ጣርማ በር ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶብስ ውስጥ እያነበብኩ መጣሁ። መርማሪው የተቆለፈውን ክፍል ሊከፍት እጁን ዘረጋ። እኛም በዚያው ዋሻው ውስጥ ገባን። ድቅድቅ! በድንጋጤ መጽሐፉን ዘጋሁት፤ ስንወጣ ገጹ ጠፋኝ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጯ መስኮቱን ስታንኳኳ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። መምህር፣ አንድ ልጠይቅዎት። ልብ ሰቃይ ልብን የሚሰቅል ከሆነ ልብ ወለድስ ልብን የሚወልድ ነው?

መምህሩ፣ ከአንኮበር፦
የለም፣ እዚያ ወላጁ ልብ ራሱ ነው። «ልብ የወለደው ታሪክ» ማለት ነው። ልብን የሚወልድ ቢሆን «ልብ ወላጅ» ባልነው። ዛሬ ጦቢያ የምንለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ሲታተም ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ታሪክ የሚለው ቃል ኋላ ወደቀና ልብ ወለድ ብቻውን ቀረ። አሁን ደግሞ ተጣብቆ ልቦለድ ሆኗል። ተጣብቆ መጻፉን ብዙም አልወደድኩትም፤ የተወለደበት ልብ አይታይም።

ከመሐል ሜዳ፦
እኔ ደግሞ ስለ ምሥጢሩ ክፍል ላውራ። እነዚህን መጻሕፍት ሳነብ የአያቴ እንዝርት ነው ትዝ የሚለኝ። «የነገሩ ውል ጠፋበት» ይላል ደራሲው። የዛሬ ልጅ ውል ሲባል የሚያውቀው የቤት ኪራይ ውልን ነው። አያቴ ዘንድ ውል የክሩ ጫፍ ነው። ልቃቂት ለመተርተር መጀመሪያ ውሉን ትፈልጊያለሽ። ውሉን ካጣሽ ከየትም ብትጎትቺ ይተበተባል። መርማሪው የሚሠራውም ይኸው ነው፤ የተተበተበ ልቃቂት ይዞ ውሉን ይፈልጋል። ያገኘ ሲመስለው ይበጠስበታል። ምሥጢር ሲፈታም ከቋጠሮ ነው የመጣው። ሃያሲዎች «የታሪኩ ጡዘት» የሚሉትንም ከእሷው ነው የሰማሁት። እንዝርቱ ፈጥኖ ሲሾር፣ የቆመ እስኪመስል ድረስ፣ «ጦዘ» ትል ነበር። እስቲ አስቡት፣ ታሪኩ ከመፍጠኑ የተነሣ የቆመ የሚመስልበት ቦታ! በእኛ በመንዝ በብርድ ሌሊት ባና ለብሰን የምንሰማው ተረት ሁሉ ከእንዝርት አጠገብ ነበር። ከዚያ ይሆናል።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
እኛ ሰፈር «ልጁ ጦዟል» ሲባል ሌላ ነገር ነው።

ከመሐል ሜዳ፦
እሱም ይዞራል እኮ!

ከጅሩ፦
ሁሉን ለፈታይ አትስጡ። የልቦለድን ሴራ፣ የታሪኩን አካሄድ ማለቴ ነው፣ «ትልም» የሚሉትም አሉ። ትልም የእኛ የአራሽ ነው፤ ማረሻው እየሄደ የሚያወጣው መስመር። አንዱ ትልም ከተጣመመ ተከታዮቹ ሁሉ ይጣመማሉ። ገዳዩን መጨረሻው ገጽ ላይ ከሰማይ የሚያወርድ ደራሲ ትልሙን ስቷል።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ፍቅሩን ረሳችሁት። መጽሐፌ ውስጥ «ከእሱ ጋር በፍቅር ውስጥ ወደቀች» የሚል አለ። ሦስት ቦታ! ምኑ ውስጥ ነው የወደቀችው፣ ጉድጓድ ነው?

መምህሩ፣ ከአንኮበር፦
ይህስ የውጭ ዕቃ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰው ወደ ፍቅር አይሄድም፣ ፍቅር ነው ወደ ሰው የሚመጣው። ፍቅር ያዘው፣ ፍቅር ያዛት። ልክ ጉንፋን ያዘው እንደምንለው።

ከሸዋ ሮቢት፦
ወባ ያዘው እንደምንለው! እዚህ ሁለቱም ሲይዙ ያንቀጠቅጣሉ። እኔ ግን «ክንፍ አለላት» የሚለውን ነው የምመርጠው። ያኛው ሲወድቅ ይሄኛው ይበራል።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ክንፍ ማለትስ አለ። የመጽሐፌ ባለታሪክ ጥርሰ ፍንጭት ናት። መርማሪው ፍንጭ ፍለጋ ቤቷ ሄዶ ሳቋን አየና ክንፍ አለ። ፍንጭና ፍንጭት አንድ ቤት ናቸው አይደል?

ከመሐል ሜዳ፦
ለእኔስ አንድ ናቸው። ሁለቱም ክፍተት ናቸው። በአንዱ ጥቂት ምሥጢር ይታያል፣ በሌላው ጥቂት ጨለማ። ደራሲው ይህን አስቦ ከሆነ ጎበዝ ነው። ሳያስበው ከሆነ ቋንቋው ጎበዝ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦
እሺ፣ እኔ ገጹ ጠፍቶኝ የቀረሁት ያንቺኑ መጽሐፍ ነው መሰለኝ። የተቆለፈ ክፍል አለው? ገዳዩ ማነው?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
አለው። እንቆቅልህ።

ከሸዋ ሮቢት፦
ምን አውቅልሽ። ወንድምየው?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
አላወቅከውም። አገር ስጠኝ።

ከሸዋ ሮቢት፦
ሸዋ ሮቢትን ሰጠሁሽ።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
በዚያ ሙቀት? ሌላ ጨምር።

ከሸዋ ሮቢት፦
እንግዲያው አንኮበርን ከነመምህሩ።

መምህሩ፣ ከአንኮበር፦
እኔን ማን ጠየቀኝ? መጽሐፉን ዛሬ ጠዋት ነው የጀመርኩት። አገሬንም አልሰጥም፣ ገዳዩንም እንዳትነግሩኝ!