አንቲቫይረሱ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሬን ያስረዋል፤ ላስወግደው ወይስ ልታገሠው?

ሆጤ ጽሕፈት (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ማመልከቻ፣ ውል፣ አቤቱታና የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቡፌው አጠገብ ተቀምጧል። ቀን እንጀራዬ ነው፤ ማታ የልጆቹ ነው። በ2012 ዓ.ም. ያገለገለ ገዛሁት፤ ኮር አይ 3፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሀርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት። ፈጣን ነው ብዬ አላውቅም፤ ግን አሳፍሮኝም አያውቅም ነበር።

ካቻምና አንድ ተመራቂ ተማሪ ፍላሹን ይዞ መጣ። ስሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት፣ ማለትም ጠቋሚ ምልክት ብቻ፣ ሆነዋል። አንዱን ስነካው ተከፈተ፤ ስለተከፈተም ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ዘንድ የገባ ፍላሽ ሁሉ ተለክፎ ይወጣ ጀመር። የፕሪንተሬ ቀለም ያለቀ ቀን አንዲት ባለጉዳይ አቤቱታዋን ሌላ ቤት ልታሳትም ሄደች፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመልሳ ሰው በተሰበሰበበት «ፍላሼ የታመመው እዚህ ነው» አለች። ያን ሰሞን የተኛሁት እንቅልፍ እንቅልፍ አልነበረም።

ስለዚህ ፒያሳ ሄጄ የአንድ ዓመት ፈቃድ ያለው አንቲቫይረስ ገዛሁ፤ ዘንድሮም አሳድሼዋለሁ። የጫነልኝ ልጅ «ከዚህ የጠነከረ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ አልገባም፤ እኔም አልገባሁም።

ሰዓት ይዤ ለክቻለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቁልፉን ከተጫንሁ ጀምሮ ሥራ እስክጀምርበት 11 ደቂቃ። 62 ገጽ ያለውን መመረቂያ ጽሑፍ ለመክፈት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብዬ ጽፌ እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ የሚመጡት። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ልክ ባለጉዳይ በሚበዛበት። ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል። ለምን ጠዋት ጠዋት እንደሚያመው ሊገባኝ አልቻለም።

በቸልታ የተውሁት እንዳይመስላችሁ። ሙሉ ፍተሻውን ሰው ሁሉ በተኛበት እንዲያካሂድ በገዛ እጄ በየቀኑ 9 ሰዓት ሌሊት ላይ ሞልቼዋለሁ፤ ኮምፒውተሩንም ሳላጠፋ አሳድራለሁ። ስለዚህ ነገሩ የፍተሻ ጉዳይ አይደለም። ራም ልጨምር? ወይስ አንቲቫይረሱን ላስወግደው?

ፈጣኑ

ወንድሜ አትድከም። ዋናው ቫይረስ ራሱ አንቲቫይረሱ ነው። አስወግደውና ተገላገል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ምንም ጥበቃ ነው የምሠራው፤ ዊንዶውሱ ይዞት የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርንም አጥፍቼዋለሁ። አንድም ነገር አልደረሰብኝም።

ሆጤ ጽሕፈት

በመጀመሪያ ወንድምህ አይደለሁም፤ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ቀጥሎ፣ በቀን ስንት ሰው ነው ፍላሹን አንተ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው? እኔ ዘንድ ትናንት ብቻ አሥራ አራት ገብቷል። በሐምሌ ደሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለሁትን ሰው ጃንጥላ ምን ይሠራልሻል ትለኛለህ።

ፈጣኑ

ይቅርታ እትዬ። እኔ ለጨዋታ ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለእርስዎ። ኮምቦልቻ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ይህን ዓይነት ስሞታ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ነገ ጠዋት ልክ በሚያስቸግርዎት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በዝርዝር ካላሳየ ከታች ያለውን ተጨማሪ የሚለውን ይንኩ። ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና ዲስክ የየራሳቸው ዓምድ አላቸው። ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ፣ ፕሮሰሰሩ ግን 20 እና 30 ላይ ሥራ ፈትቶ ካዩት፣ ያንቀራፈፈዎት ሀርድ ዲስኩ ነው። ሚሞሪው ከ90 ካለፈ ራሙም ተባባሪ ነው ማለት ነው። የዲስክን ዓምድ ርእስ ሲነኩት ብዙ የሚያነበው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል፤ ስሙን ጽፈው ይያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቲቫይረስ ኬላ ነው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር መኪናውን አስቁሞ ጆንያውን ይፈታል፤ ይህ የዘወትር ጥበቃው ነው፣ አይቀርም፣ ብዙም አይከብድም። ሙሉ ፍተሻ ሲባል ግን በመንገድ የሚያልፈውን ትቶ በየመጋዘኑ የተከማቸውን ጆንያ ሁሉ አንድ በአንድ መፍታት ነው። የእርስዎ ዓይነት ሀርድ ዲስክ ሳህኑ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ቢሽከረከርም፣ አንባቢ ክንዱ ከቦታ ቦታ እየዘለለ በሰከንድ መድረስ የሚችለው መቶ ያህል ቦታ ነው። ፍተሻው ያንን ክንድ ይዞ ሲሮጥበት የእርስዎ አቤቱታ ወረፋ ይጠብቃል። ፊደሉ የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ፍተሻውን 9 ሰዓት ላይ ሞላሁት ብለዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንዳለ ይጻፉልኝ።

ሆጤ ጽሕፈት

9:00 ነዋ። ሌላ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ቦርከና ማዶ

እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ለእሱ 9:00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እርስዎ ያሰቡት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በእሱ አቆጣጠር 3:00 ነው።

ሆጤ ጽሕፈት

ቆይ።

ሆጤ ጽሕፈት

ሄጄ አየሁት። ብቻዬን ስስቅ ልጄ ከጓዳ ወጥታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ዱባይ የምትሄድ የጎረቤት ልጅ ትኬቷን ይዛ ስትመጣ «የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስድስት ቀንሺለት» ብዬ የመከርሁ እኔ ነኝ! ከአንድ ዓመት በላይ በየማለዳው ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ፣ እኔ ደግሞ ለመጋዘን ፍተሻ ቀጠሮ ሰጥቼ። ሌሊት ሙሉ ያበራሁት መብራት ደግሞ ለማንም አልጠቀመም።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰዓቱን ማስተካከሉ ጥሩ ነው፤ ግን 11 ደቂቃው አልተመለሰም። መብራት የሚሄደው ጠዋት ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከሰዓት በኋላ ሲነሣም እንዲሁ ከቆየ ሌላ ነገር አለ። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ የገጠመኝ ይህ ነው፦ ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር። ያገለገለ ኮምፒውተር ሲሸጥ የቀድሞው ባለቤት የጫነው ነጻ አንቲቫይረስ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ ከላይ ይደረብበታል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብተሽ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ተመልከቺ፣ እኅቴ።

ሆጤ ጽሕፈት

አገኘሁት። ያረጀ፣ ነጻ የሚባለው፣ ከሰዓቱ ጎን በትንሹ ተሸሽጎ የኖረ። አልፎ አልፎ «ፈቃድዎ አብቅቷል» የሚል ቢጫ ሳጥን ያወጣ ነበር፤ የአዲሱ መስሎኝ ሁልጊዜ እዘጋው ነበር። ላጥፋው?

ቦርከና ማዶ

ጦሳ ግርጌ ልክ ብለዋል፤ እኔ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለት ኬላ በአንድ መንገድ ማለት ነው፤ ያውም አንዱ ኬላ የሌላውን ሠራተኛ ጭምር አስቁሞ የሚፈትሽ። የመጀመሪያው ፋይሉን ለማየት ሲከፍተው ሁለተኛው «ፋይል ተከፈተ» ብሎ ይነሣል።

ሲያስወግዱት ፎልደሩን ብቻ አይሰርዙት፤ ከዚያው ከዝርዝሩ ላይ አንኢንስቶል በሚለው ያስወግዱና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ወዲያው ጠቅልለው አይወጡም፤ ሥር ይተዋሉ። አብዛኞቹ አምራቾች የራሳቸውን ማጽጃ መሣሪያ በነጻ ይሰጣሉ፤ ከአምራቹ ገጽ ብቻ ያውርዱት፣ ከሌላ ቦታ አይሁን።

የዊንዶውሱ ዲፌንደርስ ብለው እንዳይጨነቁ። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ራሱ ገለል ይላል፤ ያ ሲወጣ ተመልሶ ይነሣል። የገዙት ፈቃድ ሲያልቅ ማሳደሱ ከከበደዎት በእሱ ብቻ መሥራት ይችላሉ፤ እኔ ለብዙ ደንበኞቼ የምተወው እሱን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢያበቃም፣ ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ድረስ እንደሚልክ አስታውቋል። የዊንዶውሱ የራሱ ቀዳዳ ግን በዚህ አይደፈንም፤ ስለዚህ የባንክ ሥራዎን በዚያ ኮምፒውተር ባይሠሩ ደስ ይለኛል።

አዲስ ገቢ

የደንበኞቹን ፎልደር ከፍተሻ ነጻ ቢያደርጉትስ? እኔ እንደዚያ አድርጌ ፈጥኖልኛል።

ቦርከና ማዶ

ለእርስዎ ሊሠራ ይችላል። ለእትዬ ግን አይሆንም፤ ከፍላሽ የሚገለበጠው ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ፎልደር ላይ ነው። ኬላውን ትቶ ሌባው የሚያልፍበትን መንገድ መክፈት ይሆናል። ይልቅ ፍላሽ ሲመጣ ሳይከፍቱት፣ ምልክቱ ላይ በመዳፊቱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው እሱን ብቻ ያስፈትሹት። ፎልደሩ ሾርትከት ሆኖ ካዩትም አይንኩት። እውነተኛው ፋይል ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው ያለው፣ ከጸዳ በኋላ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ሲያበሩ ይታያል።

ሙሉ ፍተሻውንም በየቀኑ ማድረግ አያስፈልግም። የዘወትር ጥበቃው በርቶ እስካለ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ሆጤ ጽሕፈት

ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሼ ነው። አሮጌውን አስወግጄ በማጽጃውም አጸዳሁት። ፍተሻውን ወደ አርብ አዛወርሁት። አርብ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ግማሹ ባለጉዳይ መስጊድ ነው፣ ግማሹ ምሳ ላይ ነው፤ እኔም ሽሮዬን የማቀርብበት ሰዓት ነው። በጣቴ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ 12:30 ብዬ ሞላሁ። ልጄን ጠርቼም «ይህ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ አስመሰከርሁ።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ታስክ ማናጀሩን ከፈትሁት። ዲስኩ 8 በመቶ ነው፣ 12 ነው፣ ፋይል ስከፍት ወደ 70 ዘልሎ ይመለሳል። ያው 62 ገጽ በ38 ሰከንድ ተከፈተ። ፊደሉ እጄን ይከተላል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ግን አሁንም 5 ደቂቃ ይፈጃል። ሚሞሪው 81 ነው። ራም ልግዛ?

ቦርከና ማዶ

ደስ ብሎኛል። ለመነሻው ራም ከመግዛትዎ በፊት ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይቀይሩት፤ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህንም የሚዘል ክንድም የለውም። ለጽሕፈት ሥራ 256 ጊጋባይቱ ይበቃዎታል። አሮጌው ዲስክ የደንበኞች ፋይል ማስቀመጫ ሆኖ አብሮ መቆየት ይችላል። እኔ ዘንድ ቢያመጡት እቀይርልዎታለሁ፤ ከመምጣትዎ በፊት ግን ዋና ዋናውን ሥራ ሌላ ቦታ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ያረጀ ዲስክ በጉዞ ላይ አይታመንም።

ፈጣኑ

እትዬ፣ ስለገባሁበት ይቅርታ። ያ ዲፌንደር የሚባለው ከጠፋ በኋላ እንዴት ነው ተመልሶ የሚበራው?

ሆጤ ጽሕፈት

ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ የቫይረስ መከላከያ የሚለውን። እኔም የተማርሁት በዚህ ሳምንት ነው። ምን ገጠመህ?

ፈጣኑ

ምንም። እንዲያው ለጥንቃቄ።

ሆጤ ጽሕፈት

እሺ፣ ለጥንቃቄ።

ኮምቦልቻ ላለኸው፣ ቅዳሜ የመጀመሪያዋን ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከጉልበቴ ሳላወርድ። በር ላይ ስትጠብቀኝ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርባ የመጣችውን ሴት ፈልግ።