ፊዚክስ ልግባ ወይስ ኢንጂነሪንግ? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ነኝ። ለ11ኛ ተፈጥሮ ሳይንስ እንደምመርጥ ወስኛለሁ፣ እሱ አያስጨንቀኝም። የጨነቀኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጋረድ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ታይታ ነበር፤ እኛ ጋ ግን በከፊል ነው። ግቢያችን ያለው ዛፍ ሥር፣ በቅጠሎቹ መሐል ያለፈው ብርሃን መሬቱን በትንንሽ ማጭዶች ሞላው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አስትሮፊዚክስ (የከዋክብት ፊዚክስ) ላይ ቀረ።

የሚያስተምረኝ አጎቴ ግን «ፊዚክስ ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል? ኤሌክትሪካል ግቢ፤ ኮከቡ እንደሆነ የትም አይሄድብሽም» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለትም አልቻልኩም። እንጦጦ ላይ ያሉትን ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የሚጠግን ሰውም ያስፈልጋል አይደል?

ሌላው ጣጣዬ ሒሳብ ነው። ባዮሎጂ 91 አምጥቼ ሒሳብ 68! 12ኛ ላይ ካልኩለስ አለ ሲሉኝ ሆዴ ይረበሻል።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። በኢንጂነሪንግ ተመርቆ ማስተርስን በአስትሮፊዚክስ መቀጠል ይቻላል? ወይስ ያመለጠኝን ፊዚክስ እንደገና ልማር ነው? ክረምቱንስ በሒሳብ ላሳልፈው ወይስ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልጀምር? ኮምፒውተር የለኝም፣ ያለው የእናቴ ስልክ ነው። ስለዚህ መልሳችሁን የማየው ማታ ከሥራ ስትመለስ ነው፤ ብዘገይ አትቀየሙኝ።